ከትሮምሶ እስከ ሎንግየርብየን፤ የአንድ መቶ ደቂቃ መንገድ ታሪክ

የቀድሞ አባቶቻችን የመንገድን ርዝመት የሚናገሩት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀን ቆጥረው እንደ ነበር ይታወሳል። ከዚህ እስከዚያ ምን ያህል ይርቃል ተብሎ የተጠየቀ ሽማግሌ፥ ለጭነት ይህን ያህል ቀን፥ ለባዶ በቅሎ ይህን ያህል ቀን፥ ክረምት ከሆነ ደግሞ ወንዙ እስኪጎድል መጠበቅ ነው ብሎ ይመልስ ነበር። ይህ አቆጣጠር ለዛሬ ሰው ተራ ግምት መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን በውስጡ ትልቅ ዕውቀት አለ። መንገድ ማለት በሁለት ቦታዎች መካከል ያለ የምድር ስፋት ብቻ ሳይሆን፥ ያን ስፋት ለማለፍ ሰው የሚከፍለው ጊዜ፥ ድካምና አደጋ ጭምር መሆኑን ሽማግሌው ያውቀው ነበርና ነው።

ይህንኑ ነገር በምሳሌ ለማስረዳት ዛሬ ወደ ዓለም ሰሜናዊ ጫፍ ተሻግረን፥ በኖርዌይ መንግሥት ግዛት ውስጥ ስላሉ ሁለት የአውሮፕላን ማረፊያዎችና በመካከላቸው ስላለው የአየር መንገድ ታሪክ እንናገራለን። አንደኛው የትሮምሶ፥ ሁለተኛው የሎንግየርብየን ማረፊያ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ 960 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የዛሬው አውሮፕላን ይህን ርቀት በአንድ መቶ ደቂቃ ገደማ፥ ማለት በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይጨርሰዋል። ተሳፋሪው ቡናውን ጠጥቶ ጋዜጣውን አንብቦ ሳይጨርስ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ይህ መንገድ እንዲህ አጭር ከመሆኑ በፊት ስንት ዘመንና ስንት ሕይወት እንደ ፈጀ የሚያስብ ተሳፋሪ ጥቂት ነው። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ለይተን ካልተናገርን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ የሁለቱን ከተሞች አቀማመጥ እንመልከት። ትሮምሶ በኖርዌይ ሰሜናዊ ጠረፍ፥ ከዋናው ምድር አጠገብ ባለች አንዲት ደሴት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። የምትገኘውም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ69 ዲግሪ ከግማሽ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ሎንግየርብየን ግን ከዚህም አልፋ በ78 ዲግሪ ላይ፥ ስቫልባርድ ከሚባሉት ደሴቶች በትልቁ በስፒትስበርገን ትገኛለች። ነዋሪዎቿ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ያህል ናቸው። ከእርሷ እስከ ሰሜን ዋልታ የቀረው 1300 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዓመት ውስጥ ከሦስት ወር ተኩል በላይ ፀሐይ በዚያች ከተማ አትወጣም፤ ወደ አራት ወር ያህል ደግሞ አትጠልቅም።

ለአድማጮቻችን የርቀቱን መጠን ለማስገመት ያህል፥ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎንደር በአየር የሄደ ሰው ያንኑ መንገድ ተመልሶ አዲስ አበባ ቢገባ እንኳ 960 ኪሎ ሜትር አይሞላለትም። ልዩነቱ ግን የርዝመቱ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር ከአውሮፕላኑ በታች መሬት፥ መንደርና ሰው አለ። በዚያ ግን መንገዱን ከሚያጋምሰው ከድብ ደሴት በቀር ከታች ያለው ባሕር ነው። ከደቡብ የሚመጣው ሞቅ ያለ የባሕር ፈሳሽና ከዋልታው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር በዚያ ስለሚገናኙ፥ ጭጋግና ማዕበል ሳይታሰብ ይነሣሉ።

ይህን ባሕር አቋርጦ ስፒትስበርገንን ለዓለም ያስታወቀው ቪለም ባረንትስ የተባለው የሆላንድ መርከበኛ ነው። ባረንትስና ጓደኞቹ በ1596 ወደ ቻይና የሚያደርስ የሰሜን መንገድ ሲፈልጉ መጀመሪያ የድብ ደሴትን፥ ቀጥሎም ስፒትስበርገንን አገኙ። የደሴቲቱ ስም በቋንቋቸው ሹል ተራራዎች ማለት ነው። ወዲያው መርከባቸው ከሌላ ደሴት አጠገብ በበረዶ ተይዛ ክረምቱን በዚያ አሳለፉ፤ ባረንትስም በ1597 ወደ አገሩ ሲመለስ በመንገድ ሞተ። እንግዲህ የዚህ ባሕር ታሪክ ገና ከመጀመሪያው በአንድ ሰው ሕይወት ተጀመረ።

ከዚያ በኋላ ዓሣ ነባሪ፥ ቀበሮና ድብ የሚያድኑ ሰዎች ወደ ደሴቶቹ ይመላለሱ ጀመር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ትሮምሶ የእነዚህ አዳኞችና የዋልታ ተመራማሪዎች መነሻ በር ሆነች። በ1906 ጆን ሎንግየር የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ ኩባንያ አቋቁሞ በስፒትስበርገን የድንጋይ ከሰል ማስቆፈር ጀመረ፤ ከተማይቱም ስሟን ከእርሱ ወሰደች። በ1920 በፓሪስ በተፈረመው ውል ደሴቶቹ ለኖርዌይ ግዛት ሆኑ። ሆኖም የፈራሚዎቹ መንግሥታት ዜጎች ሁሉ በእኩልነት በዚያ ይሠሩ ዘንድ ተፈቀደ፤ ምድሪቱንም ለጦርነት ተግባር ማዋል ተከለከለ። ይህ የመጨረሻው ቃል ከብዙ ዓመት በኋላ ለአውሮፕላን ማረፊያው ታሪክ ምክንያት ስለሚሆን አድማጮቻችን በልባቸው ያኑሩት።

በመርከብ ዘመን ይህ መንገድ ሁለት ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር። ይህም በበጋ ነው። ክረምት ሲገባ ባሕሩ በደሴቶቹ ዙሪያ ስለሚረጋ መርከብ አይደርስም። በሎንግየርብየን የሚኖር የከሰል ቆፋሪ የመጨረሻዋን መርከብ በመጸው ከሸኘ በኋላ፥ ቀጣይዋን የሚያየው በጸደይ በረዶው ሲሰበር ነበር። እንግዲህ በእኛ ሽማግሌ አቆጣጠር ብንናገር፥ ከሎንግየርብየን እስከ ትሮምሶ በበጋ የሁለት ቀን፥ በክረምት ግን የብዙ ወር መንገድ ነበረ ማለት ነው።

በአየር ስለ ማለፍ መጀመሪያ የሞከሩት ከስዊድን የመጡ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰሎሞን አንድሬ የተባለው መሐንዲስ ከኒልስ ስትሪንድበርግና ከክኑት ፍሬንኬል ጋር ሆኖ፥ ጁላይ 11 ቀን 1897 ከስፒትስበርገን ጠረፍ ካለች ደሴት በጋዝ በተሞላ ፊኛ ወደ ሰሜን ዋልታ ተነሣ። ፊኛው በሦስተኛው ቀን በረዶ ላይ ወደቀ። ሰዎቹ ሸክማቸውን እየጎተቱ በሚንቀሳቀስ በረዶ ላይ ከሁለት ወር በላይ ከተጓዙ በኋላ በአንዲት ባድማ ደሴት ላይ ሞቱ። የደረሱበት ሳይታወቅ 33 ዓመት አለፈ። በ1930 አንድ የኖርዌይ መርከብ አስከሬናቸውን፥ የዕለት ማስታወሻቸውንና ያነሡትን ፎቶግራፍ አገኘ፤ ወደ ትሮምሶም ይዞ መጣ። ፎቶግራፉም ከ33 ዓመት በኋላ ታጥቦ የወደቀውን ፊኛና በአጠገቡ የቆሙትን ሰዎች አሳየ። በዚህ መንገድ ላይ ወሬ እንኳ ለመድረስ ያን ያህል ዘመን ይፈጅ ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና ክፍል ደርሰናል። ሮአልድ አሙንድሰን የተባለው ኖርዌያዊ ዲሴምበር 14 ቀን 1911 ከሰው ሁሉ ቀድሞ ደቡብ ዋልታን የረገጠ ስመ ጥሩ መንገደኛ ነው። ይህ ሰው የውሻና የበረዶ ጋሪ ዘመን እያለፈ መሆኑን ተረድቶ ፊቱን ወደ አየር መለሰ። በ1926 ኖርጌ በተባለች የአየር መርከብ፥ ከአሜሪካዊው ሊንከን ኤልስዎርዝና ከኢጣሊያዊው መሐንዲስ ከኡምቤርቶ ኖቢሌ ጋር ከስፒትስበርገን ተነሣ። በመርከቢቱ ላይ የነበሩት 16 ሰዎች ሜይ 12 ቀን በሰሜን ዋልታ ላይ አልፈው፥ ከተነሡ በሦስተኛው ቀን በአላስካ ምድር አረፉ። መርከቢቱን የሠራትና የነዳት ኖቢሌ ነበር፤ የጉዞው መሪ ግን አሙንድሰን ነበር። ይህም በኋላ ክብሩ ለማን ይገባል የሚል ጠብ አስነሣ። ሁለቱም በጽሑፍና በንግግር እየተወቃቀሱ ፈጽመው ተለያዩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኖቢሌ ኢታሊያ በምትባል በሌላ የአየር መርከብ ለብቻው ተመልሶ መጣ። ሜይ 23 ቀን 1928 ከስፒትስበርገን ተነሥቶ በማግሥቱ ዋልታው ላይ ደረሰ፤ ነገር ግን ሲመለስ ሜይ 25 ቀን መርከቢቱ በረዶ ላይ ወደቀች። ከ16ቱ ሰዎች አሥሩ ከተሰበረው ክፍል ጋር በረዶው ላይ ሲቀሩ፥ ስድስቱን የቀረው የመርከቢቱ አካል ወደ ላይ ይዟቸው ነጎደ፤ እስከ ዛሬም አልተገኙም። በረዶው ላይ ከቀሩት አንዱ ወዲያውኑ ሞተ። የቀሩት ድንኳናቸውን ከሩቅ እንዲታይ ቀይ ቀለም ቀብተው፥ ከስብርባሪው ባተረፉት ትንሽ ራዲዮ የድረሱልን ጥሪ ያሰሙ ጀመር። ለብዙ ቀናት ማንም አልሰማቸውም። በመጨረሻ ጁን 3 ቀን ድምፃቸውን የያዘው አንድ ትልቅ የመንግሥት ጣቢያ ሳይሆን፥ በሩሲያ ገጠር ይኖር የነበረ ኒኮላይ ሽሚት የተባለ ወጣት የራዲዮ ወዳጅ ነበር።

የኢታሊያ መጥፋት ወሬ ኦስሎ በደረሰ ጊዜ አሙንድሰን ለመርዳት ትሄዳለህን ተብሎ ተጠየቀ። ዕድሜው ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሆን፥ ከመንገደኝነትም ዕረፍት ወስዶ ነበር። የጠፋው ሰው ደግሞ ባላንጣው ነው። በሰው ሚዛን ቢመዘን፥ ሌሎች ይሂዱ ብሎ ቢቀር የሚወቅሰው አልነበረም። እርሱ ግን ሳያመነታ እሄዳለሁ አለ። የፈረንሳይ መንግሥትም ላታም 47 የተባለ በውኃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ከነነጂዎቹ ሰጠው። ዋናው ነጂ ሬኔ ጊልቦ ነበር። ከእርሱ ጋር ሦስት ፈረንሳውያን፥ ከኖርዌይ በኩል አሙንድሰንና የቀድሞ የበረራ ጓደኛው ሌይፍ ዲትሪክሰን ሆነው በጠቅላላው ስድስት ሰዎች ነበሩ።

ጁን 18 ቀን 1928፥ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 11 ቀን 1920 ዓ.ም.፥ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ላታም ከትሮምሶ ወደብ ተነሣ። ሊደርስበት ያሰበው በስፒትስበርገን ምዕራባዊ ጠረፍ ያለውን የኒ ኦለሱን መንደር ነበር፤ ይህም ዛሬ የሎንግየርብየን አውሮፕላን ከሚሄድበት መንገድ ጋር ለብዙው ክፍል ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። የአውሮፕላኑ ፍጥነት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በታች ስለ ነበር፥ ጉዞው ቢቀና ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ የመጨረሻው የራዲዮ መልእክት ተሰማ። ከዚያ ወዲያ ዝምታ ሆነ።

ኦገስት 31 ቀን በትሮምሶ በስተ ሰሜን ካለው ጠረፍ አጠገብ ዓሣ አጥማጆች ከአውሮፕላኑ ተንሳፋፊ እግሮች አንዱን አገኙ። በኋላም የቤንዚን ታንኩ ተገኘ። በእነዚህ ነገሮች ላይ ከታየው ምልክት፥ ሰዎቹ ባሕር ላይ ከወረዱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሳይታገሉ እንዳልቀሩ ብዙዎች ገምተዋል። አስከሬናቸውም ሆነ የአውሮፕላኑ አካል ግን አልተገኘም። በ2009 የኖርዌይ የባሕር ኃይል በድብ ደሴት አካባቢ የባሕሩን ወለል በአዲስ መሣሪያ መርምሮ ምንም ሳያገኝ ተመልሷል።

በዚህ ላይ የሚያስደንቀው ነገር፥ የሚፈለገው ሰው መዳኑ ነው። ጁን 23 ቀን ሌሊት ሉንድቦርግ የተባለ የስዊድን አውሮፕላን ነጂ በበረዶው ላይ አርፎ ኖቢሌን አነሣ። ሌሎቹን ለማንሣት ሲመለስ ግን አውሮፕላኑ ተገለበጠ፤ አዳኝ የነበረውም ራሱ ከሚድኑት እንደ አንዱ ሆኖ ለብዙ ቀናት በቀዩ ድንኳን ተቀመጠ። እርሱን ጓደኞቹ ካነሡት በኋላ፥ የቀሩትን ጁላይ 12 ቀን ክራሲን የተባለው የሶቪየት በረዶ ሰባሪ መርከብ ደርሶ አወጣቸው። ከኢታሊያ 16 ሰዎች ስምንቱ ዳኑ፥ ስምንቱ ጠፉ። በኢጣሊያ የነበረው የፋሺስት መንግሥት ያቆመው መርማሪ ሸንጎ ጥፋቱን በኖቢሌ ላይ ቢጥልበትም፥ ከጦርነቱ በኋላ ማዕረጉ ተመለሰለት። እርሱም እስከ 1978 ኖረ። ሊያድነው የወጣው ባላንጣ በባሕር ከቀረ በኋላ፥ እርሱ ሌላ ሃምሳ ዓመት በምድር ላይ ቆየ ማለት ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ የዚያ በጋ ሐዘን ለሰው ልጅ ያስተማረው ትምህርት ነበር። ኖርዌይ፥ ስዊድን፥ ፊንላንድ፥ ሶቪየት ኅብረት፥ ኢጣሊያና ፈረንሳይ በአንድ በረዶ ላይ ሰው ፈለጉ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለውም፥ አንዱ መንግሥት ለብቻው ያልቻለውን በኅብረት ሠሩት። አውሮፕላን ብቻውን መንገድ እንደማይሆን ግልጥ ሆነ። የአየሩን ጠባይ አስቀድሞ የሚናገር፥ ከምድር ሆኖ ድምፅ የሚሰማ፥ ሲወድቅም የሚፈልግ ሰው ያስፈልገዋል። በድብ ደሴት ላይ እስከ ዛሬ ጥቂት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ተቀምጠው ነፋሱንና ሙቀቱን ይመዘግባሉ። የትሮምሶው ተሳፋሪ በሰላም ያልፍ ዘንድ ከሚደክሙት መካከል እነዚህ ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች ይገኛሉ።

የአየር ጠባይ ወሬ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አስረድቷል። በ1941 ነዋሪዎቹ ከስቫልባርድ ወጡ። በሴፕቴምበር 1943 የጀርመን የጦር መርከቦች ሎንግየርብየንን በመድፍ አቃጠሉ። ጀርመኖች ነፋሱንና ደመናውን ለማወቅ ብቻ በእነዚህ ባድማ ደሴቶች ላይ በስውር ጣቢያ ያቆሙ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ፥ አሥራ አንድ ሰዎች የነበሩበት፥ እጁን የሰጠው ጦርነቱ በአውሮፓ ካበቃ ከወራት በኋላ በሴፕቴምበር 1945 ነው።

ሰላም ከሆነ በኋላ ከተማይቱ እንደገና ተሠራች፤ የክረምቱ ብቸኝነት ግን አልተለወጠም። ለነዋሪዎቹ ደብዳቤ ከአውሮፕላን ላይ ይወረወርላቸው ነበር። በ1959 በጠና የታመመ ሰው ለመውሰድና ተሳፋሪ ለማመላለስ አውሮፕላኖች በከተማይቱ አጠገብ ባለው ሸለቆ፥ በረጋው መሬት ላይ ማረፍ ጀመሩ። በጨለማ ጊዜ የማረፊያው መስመር የሚታየው በላምባ መብራት ነበር። መሬቱ ሲቀልጥ ደግሞ ሜዳው ጭቃ ስለሚሆን አውሮፕላን አያርፍበትም። በትሮምሶ በኩል በ1964 የተሟላ የአውሮፕላን ማረፊያ ተከፈተ፤ በሎንግየርብየን በኩል ግን ገና አሥራ አንድ ዓመት መጠበቅ አስፈለገ።

የመዘግየቱ ምክንያት የበረዶው ብርታት ብቻ አልነበረም። በደሴቲቱ ላይ የከሰል ጉድጓዶች የነበሯት ሶቪየት ኅብረት፥ የሚሠራው ማረፊያ ለጦር ተግባር እንዳይውል ትጠራጠር ነበር። አስቀድመን ያወሳነው የ1920 ውል ጦርነትን ስለ ከለከለ፥ ነገሩ በብዙ ንግግር እስኪያልቅ ጊዜ ወሰደ። ከስምምነት ሲደረስ፥ የሶቪየትም አውሮፕላን እንዲያርፍበት ሆኖ ሥራው በ1973 ተጀመረ። መሐንዲሶቹ ሌላ ፈተና ገጠማቸው። የዚያ አገር መሬት ከላይ በበጋ ጥቂት ይቀልጣል፤ ከሥሩ ግን ዘወትር የረጋ ነው። የላዩ ሲቀልጥና ሲረጋ መንደርደሪያው እንዳይጎብጥ ከሥሩ ሙቀት የማያሳልፍ ንጣፍ ማድረግ አስፈለገ። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1975 ንጉሥ ኦላቭ 5ኛ ማረፊያውን መርቀው ከፈቱ። ከባረንትስ ጉዞ እስከዚያ ቀን 379 ዓመት ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የብዙ ወር የነበረው የክረምት መንገድ የአንድ መቶ ደቂቃ መንገድ ሆነ። ቆፋሪው የእናቱን ሞት ከቀብሩ በፊት ሰምቶ ለመድረስ ቻለ፤ ሕመምተኛውም ጸደይን ሳይጠብቅ ሐኪም ዘንድ ደረሰ።

ይሁን እንጂ ባሕሩና ተራራው ተሸነፉ ማለት አይደለም። ኦገስት 29 ቀን 1996 ከሞስኮ የመጣ፥ ለሩሲያ የከሰል ጉድጓዶች ሠራተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን የያዘ አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ በደመና ውስጥ ከመስመሩ ወጥቶ ከተራራ ጋር ተጋጨ። በውስጡ የነበሩት 141 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ይህ በኖርዌይ ምድር ከደረሱት የአውሮፕላን አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው። ምርመራው እንዳረጋገጠው ምክንያቱ የአቅጣጫ ስሕተት ነበር። ማረፊያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቶት ነበር። ርቀት በደቂቃ ከተቆጠረ በኋላም እንኳ ትንሽ ስሕተት የድሮውን ዋጋ ታስከፍላለች።

ይህ የሩቅ ሰሜን መንገድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምን ያገባናል የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። የሚያገባን ነገር አለ። ከሎንግየርብየን ማረፊያ አጠገብ ባለው ተራራ ውስጥ በ2008 የዓለም የእህል ዘር ጎተራ ተከፍቷል። በዚያ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ፥ በየአገሩ ያሉት የዘር ጎተራዎች ከያዙት ዘር ግልባጭ ይቀመጣል፤ ይኸውም የአንዱ አገር ጎተራ በእሳት፥ በጎርፍ ወይም በጦርነት ቢጠፋ ዘሩ እንዳይጠፋ ነው። ቦታው ከተመረጠበት ምክንያት አንዱ፥ ምንም እንኳ ሩቅና ቀዝቃዛ ቢሆን፥ አውሮፕላን ዘወትር የሚደርስበት መሆኑ ነው። መንግሥታት በጨለማ ሲሟገቱበት የኖሩት ማረፊያ ባይኖር ኖሮ ጎተራው በዚያ ባልተሠራም ነበር። በአዲስ አበባ ካለው የዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ዘር ጎተራም ግልባጩ በዚያ ተራራ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ በእኛ ከተማ ተጠብቆ የቆየ ዘር አሙንድሰን የጠፋበትን የሰሜን ባሕር በአየር ተሻግሮ በሰላም ገብቷል።

ጎተራው ከንቱ አለመሆኑም ታይቷል። በሶሪያ በሐለብ አጠገብ የነበረው የደረቅ አገር እህል ምርምር ማዕከል በጦርነቱ ምክንያት ጎተራውን መጠቀም ባቃተው ጊዜ፥ አስቀድሞ በስቫልባርድ ካስቀመጠው ዘር በ2015 ወሰደ። ዘሩንም በሌላ አገር ዘርቶ አበዛው፤ ከ2017 ጀምሮም ከምርቱ መልሶ አስቀመጠ። ከጎተራ የተበደረ ገበሬ በአዝመራ እንደሚመልስ ማለት ነው።

ነገር ግን በዚያ አገር ደግሞ አዲስ ነገር ይታያል። የስቫልባርድ ሙቀት ከሌላው ዓለም በበለጠ ፍጥነት እየጨመረ ነው። ዘወትር የረጋ ነው የተባለው መሬት ይላላ ጀምሯል፤ መንደርደሪያውም ብዙ ጊዜ መጠገን ያስፈልገዋል። በጎተራው መግቢያ ላይም ውኃ ገብቶ፥ ዘሩን ባይነካውም፥ መግቢያው እንደገና መሠራት አስፈልጓል። እንግዲህ ርቀት አንድ ጊዜ ድል ተነሥቶ ለዘለዓለም የሚቀር ነገር አይደለም። ድልድይ ካልታደሰ ወንዙ እንደገና አገርን እንደሚለያይ፥ ይህም መንገድ ካልተጠበቀ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ሊመለስ ይችላል።

በትሮምሶ ወደብ አጠገብ የሮአልድ አሙንድሰን ሐውልት ቆሟል። መቃብር ግን የለውም። በየቀኑ ወደ ሎንግየርብየን የሚያልፉት ተሳፋሪዎች መቃብሩ ሊሆን በሚችለው ውኃ ላይ በደመና ተጋርደው ያልፋሉ። ከእርሱም ጋር የፈረንሳዮቹ ነጂዎችና ዲትሪክሰን አሉ። እነዚህ ሰዎች የሞቱት ለዝናም ለወርቅም አልነበረም። አሙንድሰን ዝናውን አስቀድሞ አግኝቶ ነበር። በዚያች በሰኔ ቀን ከትሮምሶ ያስነሣው፥ የሚጠላው ሰው በበረዶ ላይ ሆኖ ይጣራል የሚለው ሐሳብ ነው። በዋልታ አገር ሕግ የወደቀን ሰው ማን ነህ ብሎ ሳይጠይቁ መፈለግ ግዴታ ነውና።

ስለዚህ ከትሮምሶ እስከ ሎንግየርብየን ምን ያህል ይርቃል ቢባል፥ መሐንዲሱ 960 ኪሎ ሜትር ነው ይላል፤ የበረራ ሠሌዳውም አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ነው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ነገር ግን መንገዱን በድካሙ ይለካ የነበረው ያ የእኛ ሽማግሌ ቢጠየቅ፥ ከባረንትስ ጀምሮ ያለፉትን ሰዎች ሁሉ ሳይቆጥር መልስ አይሰጥም ነበር። በየትም አገር የምንሄድባቸው አጫጭር መንገዶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ያሳጠሩልን ሰዎች አሉ። እኛም በተራችን ከኋላችን ለሚመጣው ልናሳጥርለት የሚገባን መንገድ መኖሩን ማሰብ፥ ለእነርሱ ልንሰጥ የምንችለው ምስጋና ነው።